ጎማ የሚነፋው የፎርዷ ማቀዝቀዣ

ናዝሬት፣ ሰኔ 1982 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አምባዬ ወልደአማኑኤል
የ«አዲስ ጎህ» የተሽከርካሪ ጥገና ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ግንቦት እንዳቃጠለን ሰኔም አልራራልንምና፣ እርስዎንና ቤተሰብዎን ሙቀቱ ሳይደፍራችሁ፣ የቢሮዎም ቬንትሌተር ለአንድ አፍታ ሳይቆም እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቀነዓ ገመዳ፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪና ከጋራዡ ጀርባ የምኖር ጎረቤትዎ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ደኅና ነኝ እላለሁ።

ባለፈው ስብሰባ ላይ ሂስ የማይቀበል ማኅበር እንደማያድግ በሰፊው ካስረዱን በኋላ፣ ቅሬታ ያለው ሁሉ በጋራዡ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ በነፃነት እንዲጽፍ ጋብዘውናል። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ የሚነበበው ያው የዓምና የእግር ኳስ ውጤት ብቻ መሆኑን ስላየሁ፣ ጠርቶ የሚመጣለት ያጣ ሰው ያሳዝናልና እነሆ እኔ መጥቻለሁ። ማጣበቂያውንም ከቤቴ ነው ያመጣሁት።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ መኪናዬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1964 ሥሪት ፎርድ ናት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተምር በነበረበት ዘመን ጎረቤቴ የነበረ አንድ ሐኪም አብዮቱ ሲመጣ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ አደራ ይሁን ስጦታ ሳይለይ ቁልፉን በእጄ አስቀምጦልኝ ሄደ። ይህች መኪና ከዳሽቦርዷ ሥር ማቀዝቀዣ ነበራት። ሞተሩ በቺንጊያ የሚያዞረው ኮምፕረሰር የሚባል ብረት አለ፤ እሱ ሲሠራ ከፊታችን ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፤ እሱ ከሌለ የሚመጣው የናዝሬት አየር ነው። ማቀዝቀዣው ዕድሜ ተጭኖት ማቀዝቀዝ ባቆመ ጊዜ፣ በከተማው ሌላ ጋራዥ የሌለ ይመስል ወደ እናንተ አመጣኋት። ከዚህ በታች የዘረዘርኩት ስለተደረገልኝ ሁሉ ያለኝ ምስጋና ነው።

አንደኛ፦ ስለ ምርመራው አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎ ተራ በተራ እየገቡ መዳፋቸውን ከማቀዝቀዣው አፍ ላይ አድርገው ከፈተሹ በኋላ፣ ነፋስ እስከወጣ ድረስ ዕቃው ጤነኛ ነው ብለው ፈረዱ። የሚወጣው ነፋስ እኮ ትኩስ ነው ብላቸው፣ ናዝሬት ሞቃት መሆኗ የጋራዡ ጥፋት እንዳልሆነ በትሕትና አስረዱኝ። ይህን በመጽሐፍ አላነበብኩትም ነበርና ተምሬ ተመለስኩ።

ሁለተኛ፦ ጉዳዬ ቸል ሳይባል ወደ ኮሚቴ በመመራቱ አመሰግናለሁ። ቅዝቃዜ የቅንጦት ዕቃ ስለሆነ ለምን እንደፈለግሁት መጠየቅ ነበረብኝ፤ ተጠየቅሁም። በአገራችን መኪና የያዘ ሰው የሚያውቀውን ሲያልፍ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰላም ማለት እንዳለበት፣ መስታወት ዘግቶ ያለፈ ደግሞ ሰላምታ እንደነፈገ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ከማዕዘኑ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡት ወይዘሮ ዘርፉ፣ አስተማሪውን ምን በደልኩት፣ መስታወቱን ገትሮ ያልፈኛል ብለው ማዘናቸው ተገቢ ነው። እርስዎ ግን የሴትዮዋን ቅያሜ ወስደው፣ «ራሱን በመስታወት ከሰፊው ሕዝብ የነጠለ ግለሰብ» ብለው ሲተረጉሙት በችሎታዎ ተደነቅሁ። ለምን እንደምዘጋ ስጠየቅ አቧራ ስለሚያስቸግረን ነው አልኩ። በቃለ ጉባኤውም «በአቧራ ምክንያት» ተብሎ ተጻፈ፤ አቧራ ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ችግር ስለሆነ አብሬ እንድቅም ተመከርኩ።

እንግዲህ ዛሬ ጊዜው የግልጽነት ነው ተብለናልና እውነቱን ልንገርዎ፤ አቧራ አልነበረም። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ጀምሮ እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ አሰለፈች የምንዘምርበት ቦታ አጥተን ነበር። ልጅ አልወለድንም፤ ከተጋባን ጀምሮ አብረን የሠራነው ነገር ቢኖር መዝሙር ነው። እሷ ዜማውን ትይዛለች፣ እኔ ከሥር ወፍራሙን ድምፅ፣ ባሱን፣ ይዤ እከተላታለሁ። በቤታችን እንዳንዘምር ግድግዳችን ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፣ ጎረቤታችንም የሰሙትን ለማን እንደሚያደርሱ እርስዎ ያውቃሉ። በናዝሬት ከተማ ጆሮ የሌለው ክፍል ፈልገን ፈልገን ያገኘነው ፎርዷን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከራሽን ቤንዚናችን በቆጠብናት፣ ወደ ሶደሬ መንገድ እንወጣለን። መስታወቱን እንዘጋለን፣ ማቀዝቀዣውን እንከፍታለን፣ እንዘምራለን። ኬላው ጋ ስንደርስ ከመሐል ስንኝ ላይ አቁመን፣ መስታወት አውርደን፣ ጥበቃዎቹን እንደምን ዋላችሁ ብለን፣ እንደገና ዘግተን ካቆምንበት እንቀጥላለን። አሰለፈች ያቆምንበትን ስንኝ አንድም ቀን አልረሳችም። የልብ በሽተኛ ስለነበረች በዚያ ሐሩር በተዘጋ መኪና ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ መዝሙር እንኳ አትጨርስም ነበር። እርስዎ የቅንጦት ዕቃ ያሉት ይህን ነበር፤ ሌላ ቅንጦት አልነበረንም።

ሦስተኛ፦ ምስጋናዬ በተለይ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ ለበለጠ ምርመራ ተብሎ ከሞተሩ ተፈታና መኪናዬን ያለሱ ይዤ ሄድኩ። ምርመራው ሲረዝምብኝ አንድ ማለዳ ብቅ ብል፣ በጋራዡ በር ላይ ጋሪዎችና ብስክሌቶች ተሰልፈዋል። የኔው ኮምፕረሰር ከእንጨት ጠረጴዛ ላይ በብሎን ታስሮ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር እየተሽከረከረ ጎማ ይነፋል። ተራው የደረሰው ጋሪ ነጂው ጫላ፣ አካም ቡልተን አባባ ብሎ እንዴት አደሩ ካለኝ በኋላ፣ ይህች ነፊ ከመጣች ወዲህ በእጅ ፓምፕ ወገቡ መቆረጡ እንደቀረለት ነግሮኝ ማኅበሩን መረቀ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

ቢሮዎ ገብቼ ስጠይቅዎ፣ ብረቱ በፊት ለሁለት ሰው ብቻ ይሠራ እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ለመላው ከተማ እንደሚሠራ አስረዱኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ማካፈል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ስሌትዎ ላይ ስሕተት ላገኝ አልቻልኩም።

አራተኛ፦ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ፣ ማለትም እኔን ስላስተማሩኝ ትዕግሥት። በዚህ በጋ አሰለፈች ጠናባት። ኩየራ ሆስፒታል ድረስ ወስጄ አሳክሜያታለሁ፤ ሐኪሞቹም የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤቷ መለሷት። አልጋ ላይ ሆና የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፣ እንደ ድሮው መስታወት ዘግተን አንድ ጊዜ ሶደሬ እንድንሄድ። ወደ እርስዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ተመልሼ ስመጣ ሴሚናር ሄደዋል ተባልኩ። በመጨረሻ ሳገኝዎ፣ የማኅበሩ ንብረት የሆነን ዕቃ በቃል መመለስ ስለማይቻል ማመልከቻ ጽፌ እንድጠብቅ ነገሩኝ። ሞት ማመልከቻ አይጠብቅም ብዬ ልመልስልዎ ነበር፤ አፈርኩና ወጣሁ።

ማቀዝቀዣው ባይኖርም እንዳለን እንሞክረው አለችኝ አሰለፈች። መስታወቱን ዘግተን ተነሣን። ከተማውን ሳንወጣ ትንፋሿ አጠረ፣ ላብ አጠመቃት። መስታወቱን በሙሉ አወረድኩት። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው አለ፣ ወይዘሮ ዘርፉም እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉን፣ እኛም እንደ ምክርዎ ሰላም አልን። አሰለፈች ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። የትኛውን መዝሙር እንደሆነ ከከንፈሯ ለማንበብ ሞከርኩ፣ መንገዱንም ማየት ነበረብኝና አልቻልኩም። ኬላው ሳንደርስ እጄን ነካ አድርጋ መልሰኝ አለችኝ። የትኛው መዝሙር እንደነበረ ሳልጠይቃት በሚያዝያ ወር ዐረፈች።

በቀብሩ ዕለት ስላደረጉልኝም ቸርነት ሳላመሰግን አላልፍም። ሬሳዋን የጫነው መኪና የኋላ ጎማው ተንፍሶ በጋራዡ በር ላይ ሲቆም፣ ሠራተኞችዎ ሮጠው ወጥተው በዚያችው ኮምፕረሰር ነፉለት። ስለዚህ ባለቤቴ ከማቀዝቀዣዋ አልተጠቀመችም የሚል ሰው ቢመጣ፣ ሐሰት መሆኑን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ። እርስዎም ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው፣ የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ከመጠየቅ ወደ ኋላ አይበሉ አሉኝ። ጥያቄውን ያውቁት ነበር ጓድ፤ እኔም እንደሚያውቁት አውቅ ነበር።

ለቀስተኛው ከተበተነ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፣ ነገር ግን ደኅና ነኝ ማለት ሰልችቶኛል። ቀን የሰማሁትን ወሬ ሁሉ ቅዳሜ ለአሰለፈች እነግራታለሁ ብዬ አስቀምጣለሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ የሚነገረው ሰው የለም። አንዳንዴ ግቢዬ ውስጥ በቆመችው ፎርድ ገብቼ፣ መስታወቷን ዘግቼ፣ የኔን ድርሻ እጀምራለሁ። ባስ ብቻውን ሲዘመር ከአንድ ሰው ጋር የሚጨቃጨቅ ሽማግሌ ይመስላል። ዜማው የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ዝም ብዬ እጠብቃታለሁ። ከዚያ ሙቀቱ ያስወጣኛል።

በመጨረሻም የምለምንዎ ኮምፕረሰሩን እንዲመልሱልኝ አይደለም። አሁን ማንን ላቀዝቅዝበት? ጫላ ወገቡ ዳነ፣ ፈረሱም ቀለለው፤ እዚያው ይነፋ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «በአቧራ ምክንያት» የሚለው ተሰርዞ «ይዘምሩ ስለነበር» ተብሎ እንዲታረምልኝ ነው። አሰለፈች ውሸት አትወድም ነበር፤ ስለ እሷ በመንግሥት ወረቀት ላይ የሰፈረው አንድ ዐረፍተ ነገር የኔ ውሸት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

ቬንትሌተርዎ ሳይቆም፣ ስብሰባዎ ሳይጓደል፣ ሴሚናርዎም ሳይነጥፍ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በጥብቅ እንደታሰረ ብሎን የማይፈታውን አክብሮቴን አቀርባለሁ። ከደብዳቤ ግርጌ መፈክር ይጻፍ ወይስ ይቅር የሚለው ገና ስላልተነገረን፣ ለማንኛውም ቦታ ትቼለታለሁ።

ጎረቤትዎና የማኅበሩ ባለውለታ፣
ቀነዓ ገመዳ

ግልባጭ፦
ጎማቸውን ለሚያስነፉ የጋሪና የብስክሌት ባለቤቶች በሙሉ
ለወይዘሮ ዘርፉ፣ ከይቅርታ ጋር

ማስታወሻ፦ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ መስታወቴን በሙሉ አውርጄ፣ በጋራዡ በር በኩል ቀስ ብዬ እያለፍኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እዘምራለሁ። ኮሚቴው ሊጠራኝ ቢፈልግ አድራሻዬን ያውቀዋል፤ የምፈራለት ሰው ከቤቴ ወጥቷል። ቢሮዎ ሆነው ሲሰሙኝ መዝሙሩ ጎደሎ ቢመስልዎ ግን የኔ ጥፋት እንዳልሆነ ይረዱልኝ፤ እኔ የማውቀው ባሱን ብቻ ነው።