የመጀመሪያው ውኃ

ሐሙስ፣ ጥር 18 ቀን 1998፤ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል

ዛሬ ኦቦ የምትባለው መንደር ሄጄ ለመድኃኒት አዋቂዋ ለአዴ ሎኮ እውነቱን ነገርኳቸው። ለወባ የሚሰጡትን ሥር አምና ወስጄ ናይሮቢ ላብራቶሪ ውስጥ ስመረምረው ነው የከረምኩት። የወባውን ተሕዋስ ይገድላል፤ ግን የጉበት ሴሎችንም አብሮ ይፈጃል። ፕሮፌሰሩ "ከዚህ መድኃኒት አይወጣም፤ የማስተርስሽን ርዕስ ቀይሪ" ብለውኛል።

አዴ ሎኮ ሰምተው ሲጨርሱ "የመጀመሪያውን ውኃ ደፋሽው?" አሉኝ።

"የምን ውኃ?"

"ሥሩ የፈላበትን። እሱ መርዝ ነው፣ ይደፋል። የሚጠጣው ሌላ ውኃ ተጨምሮ የሚፈላው ሁለተኛው ነው።"

እኔ የመረመርኩት የመጀመሪያውን ነው።

"አምና ለምን አልነገሩኝም?"

"ሥሩን ይዘሽ ሮጥሽ እንጂ መች ጠየቅሽኝ?"

አፈርኩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሲያፈሉ እያየሁ አንድ በአንድ ጻፍኩ። አሁን የጨነቀኝ ለፕሮፌሰሩ የምጽፈው ደብዳቤ ነው። ሦስቴ ጀምሬ ቀደድኩት።