ከቤቴ ወሬ የሚያወጣው ማን ነው

ኅዳር 2፣ ሰኞ፣ ከአውድማ መልስ

ብዕሩን የያዘችው የልጄ የደርሶ ሚስት ስመኝ ናት። ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ቃሉ ግን የእኔ የፈንታ ነው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትም። ሰባ ዓመቴን አልፌ የሰው ድንበር በቃሌ ለይቻለሁ፣ የተጣላ በቃሌ አስታርቄያለሁ። እስከ ዛሬ ያታለለኝ ሰው የለም።

ገብሱ ተበራየ። ነፋስ ስለጠፋ እብቁ አልወጣም። ነገ።

አንተ ደብተር፣ የተገዛኸው ለምስክርነት ነው። ከቤቴ ወሬ ይወጣል። እዚህ የተነገረው ሁሉ መካነ ኢየሱስ ካለችው እህቴ ከትርንጎ ጆሮ ይገባል። ከእኛ ከጋይንት እስከ መ/ኢየሱስ በደብረ ታቦር ዞሮ የቀን መንገድ ነው። ወሬው ግን ከመኪናው ይቀድማል።

ማስረጃ አለኝ። በሬዬ ቦራ እግሩን አመመው። ለትርንጎ አልነገርሁም። በሚቀጥለው እሑድ ስትደውል የቦራ እግር እንዴት ሆነ አለች። ሳል ያዘኝ። አልነገርሁም። በመንገደኛ ማር ላከች፤ ለሳልህ ብላ። ማሩን በላሁት። ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም።

ቤት ያለነው ሁለት ነን። ሚስቴ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ደርሶ ደ/ታቦር ግንብ ሥራ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ ይመጣል። ስመኝ የራሷ ስልክ አላት። እንግዲህ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ብዕሩን የያዘችው ናት። ይህንንም ጻፊ አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊው እንጂ! ጻፈችው።

ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ የምናገረው በቀኑ ይጻፋል። የት እንደሚወጣ እናያለን።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ አቦ

ወጥመድ አጠመድሁ። የወንዝ ዳሩን ማሳ ለእኩል አራሽ ልሰጠው ነው አልሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ስመኝ እየሰማች። ውሸት ነው። ማሳዬን ለማንም አልሰጥ። እህቴ ስለ ማሳው ከጠየቀችኝ ሌባዋ ተያዘች ማለት ነው።

ስመኝ ይህን ስትጽፍ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ትርንጎ ደወለች። እሑድ ሲሆን አትቀርም፤ ቀኑን ሙሉ ቢወራበት የማያልቅ የስልክ ጥቅል ልጇ ትሞላላታለች። ስለ ማሳው ምንም አላለች። እንግዲህ ስመኝ ወጥመዱን ነቅታበታለች። ብልጥ ናት። ጻፊው።

ትርንጎ ሌላ ነገር አመጣች። ልጇ ዐረብ አገር ከሄደች ብቻዋን ናት። የኪራይ ቤት። ጉልበቷ ደክሟል። ወንድም ጋሼ፣ ካባታችን ግቢ ልመለስ አለች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እናያለን አልኋት። መረቀችኝ፣ መረቅኋት። የስልኩ መብራት ጠፋ። መደቡ ላይ አኖርሁት።

ከዚያ ለስመኝ የተናገርሁት ይኸ ነው፤ ልክ እንደወረደ ይጻፍ። ከዚህ ግቢ በሠርግ ከወጣች አርባ ዓመት ያለፋት ሴት አሁን ምርኩዟን ይዛ ልትጦር ትመጣለች? እሷ የገባችበት ቤት ሰላም የለውም። በተከለችበት ትሙት። አልሁ። ያልሁትን አልክድም።

በሬውን አይቼ ስመለስ የስመኝ እጅ ስልኬ ላይ ነው። ምን ትሠሪያለሽ? አባባ፣ አልተዘጋም፤ ልዝጋልዎ ብዬ ነው አለች። ዓይኗን ሳታሽ! መብራቱ ጠፍቷል እኮ። ስልክ ነገሩ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ሁለተኛ እንዳትነኪው አልኋት። እሺ አለች።

እጅ ከፍንጅ። መዝግብልኝ ደብተር።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ነፋስ መጣ። ገብሱ ጥሩ ነው። ስመኝ ከወንድ እኩል ስትሠራ ዋለች። የጥፋተኛ ትጋት ይሆናል።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾመ ነቢያት ገባ። ስልኩ አልጮኸም። ከቅዳሴ መልስ እስከ ከብት መግቢያ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ኔትዎርክ ነው እንዳልል የጎረቤት ሁሉ ይጮኻል። ታማ ይሆን? እኔ ምን ቸገረኝ።

ስመኝ እኔ ልደውልላት ወይ አለች። አያስፈልግም። ታናሽ ናት የምትደውለው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ለተዝካር ከመ/ኢየሱስ የመጣ ዘመድ መልእክት ይዟል። ሰው መሀል ነገረኝ። ትርንጎ፣ በተከልሁበት እሞታለሁ፣ አታስብ በሉት ብላለች።

በተከልሁበት። የእኔው ቃል! ሲወጣ የሰማው ማን ነው? እኔ፣ ስመኝ፣ ቦራ፣ ይኸ ደብተር። ቦራ አፍ የለው። ደብተሩ ከሣጥን አልወጣ።

እህቴ እንዲህ ያለ ቃል ልካብኝ አታውቅም። ልትሰማው የማይገባ ነገር ነበር። ለቤቴ ያልሁት ነው፤ በፊቷ አልልም ነበር።

ወስኛለሁ። ውቂያው ሲያልቅ ስመኝ አባቷ ቤት ትሄዳለች። ደርሶ ሲመጣ በፊቱ እናገራለሁ። ይኸው ጻፊው። ብዕሩን ያዝ አድርጋ፣ በየትኛው ቀን ልበል አባባ? አለች። በበዓለ ወልድ በይ አልኋት። እንዳልሁት ጻፈች።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ፣ ገብርኤል

ስመኝ ሆይ፣ አሁን እነግርሻለሁ። ጠዋት ደብተሩን ጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌ የነፍስ አባቴ ዘንድ ወሰድሁት። የጻፈችው የእኔን ቃል ነው ወይስ የራሷን? ይኸ ነበር ጭንቀቴ። ያነቡልኝ አልኋቸው፣ አንድ ሳያስቀሩ።

አነበቡ። አንዲት ቃል አልጎደለችም። የሰደብሁሽ ሁሉ አለ። እጅ ከፍንጅ ያልሁት አለ። ትሄዳለች ያልሁት አለ፣ ቀኑም አለ። ስለ ትርንጎ ያልሁትን በካህን አፍ ስሰማው የሌላ ሰው ንግግር መሰለኝ። ቄሱም ቀና አሉና፣ ፈንታ፣ ይህች ልጅ በራሷ ላይ ስትመሰክር ፊደሏ እንኳ አልተዛነፈም አሉኝ።

ቢሆንም። እውነት የሚጽፍ ሰው ወሬ አያወጣም ያለው ማን ነው?

ኅዳር 22፣ እሑድ

ውርደት። ጻፊው፣ ሁሉንም።

ሰንበቴ ላይ ነን፣ ከደጀ ሰላሙ። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ተቀድቷል። ደርሶ ከደ/ታቦር ደወለ፤ ለበዓለ ወልድ ዋዜማ እመጣለሁ ለማለት። መረቅሁት። ስልኩን ኪሴ ከተትሁ። ከዚያ አጠገቤ ላሉት ለዓይነ ስውሩ መሪጌታ በቀስታ፣ ይኸ ልጅ መምጣቱ ነው፤ ሚስቱን ወዳባቷ ቤት ልመልሳት መሆኑን አላወቀም አልኋቸው።

ኪሴ ጮኸ። አባባ! ምን አሉ? ስመኝን የት ነው የሚመልሷት?

የደርሶ ድምፅ ነው። ከኪሴ። ሰው ሁሉ ዋንጫውን እንደያዘ ቀረ። እኔ አማተብሁ። ከዚያ ሳቅ! ጎረቤቴ ጥጋቡ፣ አያ ፈንታ፣ ኪስዎ ለምስክርነት ይቅረብ እንጂ! አለ። አንዱ፣ ስልክ ሲጨርሱ ይዘጋል እኮ አያ፣ ቀዩን ይጫኑ አለኝ። ራሱ ይዘጋ የለም ወይ አልሁ። ባሰባቸው። መሪጌታ ሳይቀሩ፣ ፈንታ፣ እኔ ዓይን የሌለኝ በጣቴ ዳብሼ እዘጋዋለሁ አሉ።

ደብተር፣ አንተ አትስቅ። የዛሬ ሦስት ዓመት ደርሶ ስልኩን ሲያመጣልኝ ለማንሻ አረንጓዴውን አሳየኝ። ቀዩን አንድ ቀን ጫን ብዬ ብይዘው ስልኩ ሞተ። ደርሶ እስኪመጣ ሦስት ቀን እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ቀዩን አልነካሁም። ደግሞስ በሰው ፊት በር ይዘጋል? እንግዳ ራሱ ነው የሚሄደው፤ አንተ ቆመህ ትሸኛለህ። እኔ እንዲያ ነው ያደግሁት።

ሆኖም ተማክረው ሊያሾፉብኝ ይችላሉ። ጥጋቡ ደግሞ ያደርገዋል። ነገ ራሴ እፈትሻለሁ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ፣ ጊዮርጊስ

ፈተሽሁ። ስመኝ ከራሷ ስልክ ወደ እኔ ደወለች፤ አነሣሁ። የእኔን ቦራ አጠገብ ጭዱ ላይ ተውሁት። የእሷን ይዤ እስከ ባሕር ዛፉ ሄድሁ። ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ቦራ ያመሰኳል። ይሰማኛል። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ዝንብ በጆሮው ሲያባርር እንኳ ይሰማኛል። ተመልሼ የእኔን ስልክ አየሁ። መብራት የለውም። ጨለማ ነው። ውስጡ ግን ሰው አለ።

ሦስት ዓመት። እሑድ እሑድ።

የቦራን እግር ማን እንደነገራት አሁን ገባኝ። እኔ። ሳሌን ማን ነገራት? ራሱ ሳሉ። የማሳው ውሸት ለምን አልደረሰም? የተናገርሁት ሐሙስ ነው፤ ስልክ አልተደወለም ነበር። እና ያ ቃል፣ በተከለችበት ያልሁት…

ዛሬ ይብቃ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ስመኝን፣ እህቴ ጋ ደውይ አልኋት፣ በአንቺ ስልክ። እኔ ከበሩ ውጭ ቁጭ አልሁ። ለምን እንዳልዘጋች ጠይቂያት። እየሰማች ዝም ማለቷ ምን ሊባል ነው? አሁን ደግሞ ጥርጣሬዬ ወደ ትርንጎ ዞሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮ ጠቢ!

ስመኝ ስትጨርስ ወጥታ ነገረችኝ። ትርንጎ፣ ታላቄ ሳይዘጋ እኔ ልዝጋ? ብላለች። እናታችን፣ ታላቅሽ ሳይነሣ ከገበታ አትነሽ እያለች ነው ያሳደገችኝ። እውነቷን ነው። እናታችን እንዲያ ትል ነበር።

ሌላም አለ። ስመኝ መናገሩን ፈራች። ተናገሪ አልኋት። ትርንጎ የሚያውቅ መስሏት ነበር። ወንድሜ ብቻዬን መሆኔን አውቆ፣ የቤቱን ድምፅ እንድሰማበት ስልኩን ክፍት ይተውልኛል ብላ ነበር የምታስብ። እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ትውል ነበር። ስመኝ ዶሮ ስታባርር ትስቃለች። እኔ ጸሎት ሳደርስ አሜን ትላለች። እዚያ ማዶ ብቻዋን።

እንግዲህ በተከለችበት ትሙት ስል፣ እያወቅሁ፣ እንድትሰማው ብዬ ያልሁት ነው የመሰላት። ያን ጊዜ ስልኩን እንደተከፈተ ጥላ ከቤት ወጥታለች፤ ኋላ ከስመኝ ጋር የተባባልነውን አልሰማችም።

ስመኝ ጻፈች፣ ብዕሩን አስቀመጠች፣ ውኃ አመጣችልኝ። አልጠጣሁም። ኋላ ጠጣሁ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ደርሶ መጣ። ጉልበቴን ስሞ ተቀመጠ። ራት ሲቀርብ፣ አባባ፣ እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ አለ። አንተን ማን ጠየቀህ አልሁት። ከዚያ ስመኝን፣ ደብተሩን አምጪ አልኋት።

ትሄዳለች ያሉት ላይ መስመር ልሳልበት ወይ አለች። አይሆንም። የተናገርሁት ይታይ። እዚህ ጻፊ፣ አትሄድም። ስልኩ አልተዘጋም ብላ እውነቱን ነግራኝ ውሸታም ያልኋት እኔ ነኝ። ይኸም ይጻፍ። ደርሶ ፊቱን አዞረ። ሳቁን ነው የደበቀው፤ አየሁት።

ኅዳር 29፣ እሑድ፣ በዓለ ወልድ

ከቅዳሴ መልስ ትርንጎ ጋ ደወልን። እኔ ታላቅየው ደወልሁ። አነሣች። ደህና ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከብቱስ? ደህና ነው። ይቅርታ የሚለውን ቃል ልናገር ነበር የደወልሁት። በሰባ ዓመቴ ለታናሼ ብዬው አላውቅም። አልወጣም። በይ ደህና ሁኚ አልሁ። ደህና ሁን ወንድም ጋሼ አለች።

አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም። ስመኝ በዓይኗ ቀዩን አሳየችኝ። አውቀዋለሁ አልኋት። ስልኩን መደቡ ላይ፣ ከደብተሩ አጠገብ አኖርሁት።

አሁን ጻፊ ስመኝ፤ እየተናገርሁ ነው። የግቢያችን የታችኛው ቤት ነገ ይመረጋል። ደርሶ መደብ ይሠራበታል፣ ዝቅ ያለ፣ ለደከመ ጉልበት። ዕቃ መስቀያው በግራ በኩል ይሁን፤ ትርንጎ ግራኝ ናት። ምርጊቱ ሲደርቅ እኔ ራሴ መ/ኢየሱስ ሄጄ አመጣታለሁ። ሰው አልልክም። ያን ቃል የተናገረው ቤቱን እንጂ እህቱን የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ስልክ መዝጋትም አያውቅም ነበር። ጻፍሽው?

ትሰማ ይሆን? መብራቱ ጠፍቷል። ጎንበስ ብዬ አዳመጥሁ። ዶሮ ይጮኻል። የእኛ ዶሮ አይደለም።

በይ አሁን አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው፣ ብዕሩን የያዘችው ከሚለው። የሰደብሁሽን አትዝለይ፣ እሷን ያልሁትንም አትዝለይ። ወደ መደቡ ጠጋ በይ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።