ጤዛው እስኪደርቅ ያነበብኳቸው መጻሕፍት

ዘሃራዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ አላህ ቀብርሽን ብርሃን ያድርግልሽ። ከተለየሽን ሁለት ዓመት አልፎ ሦስተኛው ተጀመረ። ሁለት ጊዜ የሲናናን ስንዴ አጭጄ ወደ ሮቤ ስመለስ፣ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ የት ደረስክ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አጥቻለሁ። አንቺ የምትጠይቂኝ ስለ ማሳው አልነበረም፤ ስለ መጽሐፉ ነበር።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ላለቅስ አይደለም። የምነግርሽን ለጎረቤት ብነግረው ጉራ ይሆንብኛል፤ ለአንቺ ግን ያለ ይሉኝታ ልኩራ። ልጃችን ሒክማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። የምትማረው ፍልስፍና ነው። ራሷ መርጣ፣ ከታላቅ ወንድምሽ ከሐጂ ከድር ጋር ተከራክራ! እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ መነሻው ግን አንቺ ስለሆንሽ ከዚያ ልጀምር።

ስንጋባ አንቺ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሽ፣ እኔ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር ኦፕሬተር። ማንበብ አውቃለሁ፤ ግን ከማሽኑ መመሪያ ሌላ የማነበው አልነበረኝም። አንድ ቀን ለተማሪዎችሽ የምታነቢውን የልጆች ተረት እኔ ፊት ተለማመድሽ። ከተራራው ወዲያ ምን እንዳለ ማወቅ ስለፈለገች አንዲት ጥንቸል የሚያወራ ነበር። ላሟን ብትጠይቃት «ሣር ነው ያለው» አለቻት። ንስሩ «ሰማይ ነው» አላት። ንቧ ደግሞ «አበባ ነው» አለቻት። እኔ ሳቅኩ። «የትልቅ ሰው ነገር የለሽም እንዴ?» አልኩሽ። አንቺ ሳትስቂ፣ «እሺ ትልቁ ሰው፣ እውነቱን የተናገረው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

በማግስቱ ሲናና ማሳ ዳር ተቀምጬ ስንዴው ላይ ያለው ጤዛ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ታውቂዋለሽ፣ እህሉ እርጥብ ከሆነ ማሽኑን ያንቀዋል፤ ፀሐይ እስክትበረታ ሥራ የለም። ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ኮፍያዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ እተኛ ነበር። ያን ቀን ስለ ጥንቸሏ ሳስብ አረፈድኩ። ስመለስ «ሁሉም የሚያውቁትን ተናገሩ፤ ግን ማናቸውም ተራራውን አልወጡም» አልኩሽ። ፊትሽ ሲበራ አሁንም ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ምሳዬን በምትቋጥሪበት ፌስታል ውስጥ መጽሐፍ መክተት ጀመርሽ።

በአንድ ዓይነት መጽሐፍ እንድወሰንም አልፈቀድሽልኝም። ልቦለድ ወድጄ ሌላ ልቦለድ ስጠይቅሽ ስለ ከዋክብት የተጻፈ ሰጠሽኝ። ተናደድኩ፤ ግን አነበብኩት። ታሪክ መጣ፣ ከዚያ ስለ ሰው አካል የተጻፈ፣ ከዚያ እንደገና የልጆች ተረት። «ተረቱን አልጨረስነውም እንዴ?» ስልሽ «ተረት አያልቅም» አልሽኝ። ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የሚተርክ ልቦለድ አንብቤ፣ እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ለምን ዝምተኛ እንደሆነች ገባኝ። ያን ሳምንት እሷ ወዳለችበት ጎሮ ሄጄ፣ ምንም ሳላወራ አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። ስነሳ እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ። ያንን ቀን ያ መጽሐፍ ነው የሰጠኝ።

ፍልስፍናው ከሁሉም በኋላ መጣ። አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩና ተስፋ ቆርጬ፣ «ይሄ ከጥንቸሏ ጥያቄ በምን ይለያል?» አልኩሽ። «ቃላቱ ይረዝማሉ» ብለሽ ሳቅሽ። ፍርሃቴ የለቀቀኝ ያኔ ነው።

የሥራ ጓደኞቼ መጀመሪያ «ፕሮፌሰሩ መጡ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቆይተው «ዝም ብለህ ከምታነብ ጮክ በልልን» አሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ስለ ጥንቸሏ ሲከራከሩ ጤዛው ደርቆ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ የስንዴው ባለቤት መጥተው «ማሽኑን የተከራየሁት ለተረት ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡን። ከዚያ እሳቸውም ቆም አሉና «ለመሆኑ ጥንቸሏ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ይህንን የነገርኩሽ ቀን ከሳቅሽ ብዛት እንባሽ ወረደ።

ጎባ ሆስፒታል ተኝተሽ በነበረበት ጊዜ ስለ ሞት የተጻፈ የፍልስፍና መጽሐፍ እንዳነብልሽ ጠየቅሽኝ። አነበብኩልሽ። ሒክማ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ትንሽ እንደሄድኩ እጅሽን አነሳሽና፣ «ሰውዬው ጎበዝ ነው፤ ግን ሲጽፍ አልታመመም። አሁን ጥንቸሏን አንብቡልኝ» አልሽ። መጽሐፉ ቤት ነበር። ሒክማ በቃሏ ጀመረችልሽ። ላሟንም ንስሩንም ንቧንም በየድምፃቸው ስታስመስል፣ አጠገብሽ ባለው አልጋ የተኙት እናት ሳይቀሩ ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። ከመጻሕፍት መካከል ታላቅና ታናሽ እንደሌለ ከልቤ ያመንኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሒክማ ልምጣ። አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት ስትመጣ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደረሰ። ውጤቷ ወደ ፈለገችው ክፍል ሁሉ የሚያስገባት ነበር። ፍልስፍና ማለቷን ሐጂ ከድር ሰምተው ከጎሮ መጡ። ሻዩ ፊታቸው ቀረበ፤ አልነኩትም።

«የእህቴን ልጅ ፋርማሲ አስተምሩልኝ» አሉ። «ፍልስፍና ምንድን ነው? ሰው ተምሮ ፈጣሪውን የሚጠራጠርበት ነው የሚሉት።»

«ሐጂ፣ እህትዎ እነዚህን መጻሕፍት ሁሉ ስታነብ አንድ ሶላት ስታሳልፍ አይተዋታል?» አልኳቸው።

«ዘሃራማ ሌላ ናት፤ እሷ…» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው።

ሒክማ መጽሐፏን ይዛ መጣችና ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አቡያ፣ አንድ ገጽ ብቻ ላንብብልዎት። ከዚያ በኋላም አይሆንም ካሉ ፋርማሲ እገባለሁ» አለቻቸው። አጎቷን አቡያ እንደምትላቸው ታውቂያለሽ፤ ቃሏን ከሰጠቻቸው አታጥፍም።

ያነበበችላቸው፣ ማንም በማያይበት ቦታ ሰው ለምን ደግ ሥራ ይሠራል የሚል ነበር።

«አላህ ስለሚያይ ነዋ!» አሉ ወዲያው።

«እሺ አቡያ። እንደሚታይ ጭራሽ ሳያስበው ደግ የሠራ ሰውስ?»

ሐጂ ለእኔ እንኳ ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር አወጡ። «ብድሬ ከተማ ከብት በምነግድበት ጊዜ በሬ ጠፋብኝ። አንድ የማላውቀው ሰው አግኝቶት፣ የማን እንደሆነም ሳያውቅ ሲያበላው ሰንብቶ፣ ገበያ ሲቆም ባለቤቱን ፍለጋ ይዞት መጣ። ለምን አልሸጥከውም ብዬ ብጠይቀው ‹የኔ አይደለማ› አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ያ ሰው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።»

«አቡያ፣ መጽሐፉ የሚጠይቀው እኮ ስለዚያ ሰው ነው!» አለች ሒክማ።

በዚህ መካከል የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ሰገድን። ከዚያ ይሄዳሉ ብዬ ልሸኛቸው ስነሳ፣ ሐጂ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። «ጋሪዳ» አሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «ቀጥዪ።» ሻያቸውን ጠጡት፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ሲወጡ በር ላይ «ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም» አሉኝ። «ግን ትማር። ትምህርት ሲዘጋ እየመጣች ታንብብልኝ።» አሁን ጎሮ ገበያ በዋለ ቁጥር ይደውሉላታል። ገበያ ላይ ያጋጠማቸውን ክርክር ይነግሯትና «ይሄንን ያንቺ ሰዎች ምን ይሉታል?» ይሏታል። እሷም ክፍል ውስጥ የሐጂን ጥያቄ ታነሳለች፤ አስተማሪዋ አንድ ቀን «እኚህን አጎትሽን አምጪልን» አሏት። ማሻአላህ በይ!

ቤቱ ደህና ነው። የመጻሕፍት መደርደሪያሽ ሞልቶ ሌላ አሠርቻለሁ። ሒክማ ስትመጣ በረንዳው ላይ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ጥንቸሏን በኦሮምኛ ታነብላቸዋለች። እኔ ዕድሜ ልኬን በአማርኛ የማውቃት ጥንቸል በእናቴ ቋንቋ ስትናገር ብሰማ ሌላ ጥንቸል መሰለችኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ «ሁሉንም ከምትጠይቅ ለምን ራሷ አትሄድም?» አለች። ሒክማ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ ይህቺ ልጅ ከክፍሌ ልጆች ትበልጣለች» አለችኝ።

አንድ ነገር ነግሬሽ ላብቃ። ግጥም መውደድ ጀምሬያለሁ። አንቺ ከሁሉም ንባብ እሱን ብቻ አልወደድሽም፤ «ገጣሚ ግማሹን ለራሱ ያስቀራል» ትይ ነበር። ተሳስተሻል ዘሃራ። ባለፈው ሳምንት አንድ ግጥም አንብቤ፣ መሳሳትሽን ላስረዳሽ ተነስቼ ሳሎን ድረስ ሄድኩ። ባዶ ነበር። ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ግን እዚያው ቆሜ ግጥሙን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ሰው የሞተበትን ሲያነሳ እያመሰገነ ብቻ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ አላስታውስሽም። አንቺ የወደድሽውን አነባለሁ፣ ያልወደድሽውንም አነባለሁ። በተስማማን ጊዜ ዱዓ አደርግልሻለሁ፤ ባልተስማማን ጊዜ እሟገትሻለሁ። አንባቢ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽና፣ ሞተሻል ብዬ በክርክር አልለቅሽም።

ዝም የማይልሽ ባልሽ፣
ጀማል