በጨለማው አዳራሽ «አቤት» ስላልኩበት ምክንያት

ለተከበሩ የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉሮሮዎን አሞዎት እንደነበር ከጸሐፊዎ ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ ሆኖም ሰሞኑን የጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቃላት ጉልበት ሙሉ በሙሉ ማገገምዎን ስለመሰከረልኝ እፎይ ብያለሁ። ቤተሰብዎ፣ በተለይም ወላጅ እናትዎ፣ እንዲሁም ከቢሮዎ በስተጀርባ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባት የትምህርት ክፍላችን ብቸኛ ደህና ካሜራ፣ ሁሉም በያሉበት ሰላም እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ ድፍረት ቢመስል ይቅር ይበሉኝ፤ ማስጠንቀቂያዬን እዚያው ለጥፈውት ስላገኘሁ፣ ጎን ለጎን ቢሆኑ ለአንባቢ ይቀላል ብዬ ነው።

በደብዳቤዎ እንደገለጹት፣ የአጫጭር አስፈሪ ፊልሞች ምዘና በተካሄደበት ዕለት፣ የክፍል ጓደኛዬ ሥራ እየታየ ሳለ «ተገቢ ያልሆነ ድምፅ በማሰማት» ተመልካቹን ረብሻለሁ። ስለዚህም የይቅርታ ደብዳቤ እንድጽፍ፣ ያው ፊልም በዓመቱ መዝጊያ ለእንግዶች በድጋሚ ሲታይ ትንፍሽ እንደማልልም በፊርማዬ እንዳረጋግጥ አዘዋል። ካልፈረምኩ ካሜራዋ አትሰጠኝም፤ ካሜራዋን ካላገኘሁ ፊልሜ አይሠራም፤ ፊልሜ ካልተሠራ ደግሞ ዘንድሮ አልመረቅም። ነገሩን እንዲህ ቁልጭ አድርገው ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሰው ለማስፈራት ስንት ወር ለፍቼ ያልሆነልኝን እርስዎ በግማሽ ገጽ ጨርሰውታል።

ይቅርታውን እጠይቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወደ ጥፋቱ በምን መንገድ እንደደረስኩ፣ እርስዎም በዚህ ረገድ ያደረጉልኝን ውለታ፣ በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ በዓመቱ መጀመሪያ «ማንኛውም ተማሪ በፊልሙ ላይ የገዛ ዘመዱን ማሳተፍ አይችልም» የሚል መመሪያ አወጡ። ምክንያቱ ይገባናል። አምና የታዩት ፊልሞች በአክስትና በአጎት ተጨናንቀው፣ አንዱ ተማሪማ ምስኪን አያቱን በየትዕይንቱ ሲገድላቸው ነበር የዋለው። ይሁን እንጂ ለተዋናይ የሚከፈል ነገር ስለሌለን መመሪያዎ ያስከተለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመድ መለዋወጥ። አጎቴን ውሰድ፣ እህትህን ስጠኝ ተባባልን። ዕጣ ስናወጣ ለእኔ የጭምቷ አባት ደረሱኝ፤ ለጭምቷ ደግሞ የእኔ እናት ደረሰቻት።

ጭምቷ የምንላት ያቺ ፊልሟ የተመሰገነላት የክፍል ጓደኛዬ ናት። ስሙን ያወጣንላት፣ አንድ ነገር ጠይቃ መልሱ እስኪመጣ ድረስ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ስለምትጠብቅ ነው። እኔ በበኩሌ ጥያቄዬን፣ የጥያቄዬን ማብራሪያና ሊሆኑ የሚችሉትን መልሶች አከታትዬ የምናገር ሰው መሆኔን እርስዎም በክፍል ውስጥ ደጋግመው ነግረውኛል።

ሁለተኛ፦ ፊልም ከመጻፍ በፊት ጥናት ይቅደም ባሉት መሠረት ሰው ምን እንደሚፈራ አጠናሁ። ሊፍት ውስጥ ገብቼ መብራት እንዲጠፋ ጸለይኩ። የሆስፒታል ኮሪደር ላይ መቅጃ ይዤ ስቆም ጥበቃው ማንን ልጠይቅ እንደመጣሁ ጠይቆኝ፣ ማንንም ስለው በክብር አስወጣኝ። ቤት ገብቼም መጠይቄን ለእናቴ አቀረብኩላት። እናቴ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ምን ያስፈራሻል ብላት፣ እኔ ምን ያስፈራኛል፣ ይልቅ እግርሽን ከሶፋው ላይ አውርጂ አለችኝ። «በጣም»፣ «በመጠኑ» እና «ፈጽሞ» ከሚሉት አማራጮች «ፈጽሞ» ላይ ምልክት አድርጌላት አለፍኩ።

ጥናቴን ልትረዳ አልሞከረችም ማለቴ ግን አይደለም። በቤታችን ካሉት በሮች እንደ ሰው የሚያቃስተው የዕቃ ቤቱ በር ብቻ ነበር። ድምፁን ልቀዳ ደጋግሜ ስከፍተውና ስዘጋው አይታ፣ የረበሸኝ መስሏት፣ እኔ መቅጃ ተውሼ ስመለስ ማጠፊያውን ዘይት ጠጥቶ አገኘሁት። በሩ አሁን እንደ ሐር ነው የሚከፈተው።

ጭምቷ በበኩሏ መጠይቅ አላዘጋጀችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ላውንደሪ ቤቱ ሄዳ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ምንም አልጠየቀችም። እናቴም ካውያዋን እየገፋች፣ ለእኔ በዕድሜዬ ሙሉ ያልነገረችኝን አንድ በአንድ ነገረቻት።

ክቡር ሆይ፣ በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበርና በጨዋ ቋንቋ ልበለው፤ ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ድረስ ቀናሁ። ማታ ስንቀመጥ እናቴ ያቺ ልጅ ደህና ገባች ይሆን ትለኛለች። ያቺ ልጅ ብርድ አይችላትም፣ ያቺ ልጅ ስትናገር እንዴት ደስ ትላለች፣ ያቺ ልጅ እንደ አንቺ ቃሏን አታከታትልም። እኔ ለሙከራ ቀረጻ መብራት ያዥልኝ ስላት ክንዴ ዝሎ የለ እንዴ ያለችኝ ሴት፣ ለጭምቷ ቀኑን ሙሉ ካውያ አንጠልጥላ ቆማ፣ አንዴ ይደገም ስትባል አንዴ፣ ሌላም ይደገም ስትባል ሌላ ደግማላታለች። የላውንደሪው በር ደግሞ ያቃስታል፤ ዘይት ላለመቀባት እንደተጠነቀቀች በገዛ አፏ ነገረችኝ። ጃኬቴ ጠፋኝ ብዬ ቤቱን ሳተራምሰው፣ አልጋሽ ሥር ፈልጊ ብላ እኔን አልጋ ሥር ያስገባችኝም ይቺው እናቴ ናት።

ሦስተኛ፦ በልዋጩ የደረሱኝ የጭምቷ አባት ናቸው። መኪና መንዳት የሚያስተምሩ፣ ሲበዛ ደግ ሰው ናቸው፤ በቀጠሮ የሚቀድማቸው የለም። በፊልሜ ላይ መንፈስ እንዲሆኑ መድቤአቸው ነበር። በተውሶ ስልክ ባደረግነው የሙከራ ቀረጻ መንፈስ ሆነው ከደረጃው ሲወርዱ ግን ቀኝ እግራቸው ሳይታወቃቸው ፍሬን ይረግጣል። የቤቱ ተከራይ ሆና የምትተውነው ልጅ ስትጮህባቸውም ሙሉ ነጭ ለብሰው እንደቆሙ፣ አይዞሽ፣ ቀስ፣ አትደንግጪ አሏት። ቀረጻ ባልነበረበት ሰዓት ደግሞ ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝና፣ ልጄ እናንተ ቤት ስትመጣ ትስቃለች አሉ፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኳቸው። እኛ ቤት እኮ ዝም ነው አሉና መሬት መሬት አዩ። ቅናት በእኔ የተጀመረ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባኝ፤ በመመሪያዎ ምክንያት ሁለት ቤት መድረሱንም ለመዝገብዎ ያህል አሳውቃለሁ።

አራተኛ፦ የምዘናው ዕለት። እናቴ ፊት ለፊት፣ ለክብር እንግዶች በተዘጋጀው ረድፍ፣ የጭምቷ እንግዳ ሆና ተቀምጣለች። እኔ ከኋላ ነኝ፤ የመመሪያው መንፈስ እንዳይጣስ ሰላም እንኳ ያልኳት ከሩቅ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር እናቴን ስክሪኑ ላይ አየኋት። ትልቅ ሆና።

ፊልሙን አይተውታል፤ ላላዩት ልንገር። አንዲት ተኳሽ ልብስ ትተኩሳለች። ከጀርባዋ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ባለቤቶቻቸው ሳይመጡ የቀሩ ልብሶች መስቀያ ላይ ተደርድረዋል። እናቴ ለጭምቷ የነገረቻት ይህንን ኖሯል፤ በሥራ ቦታዋ የምትፈራው እነዚያን ልብሶች ነው። ሙሉ ልብሱን ለሠርግ ብሎ የሰጠ ሰው ለምን አልመጣም? የሕፃን ካፖርት እንዴት ይረሳል? ወደ መስቀያው ጀርባዋን አትሰጥም፤ አመሻሽ ላይ ስትወጣም እያንዳንዳቸውን በእጇ ዳብሳ፣ ነገ ይመጣሉ ብላቸው ነው የምትሄደው። በፊልሙ ላይ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ባለቤቶቻቸውን ትጣራለች፤ የሚመልስላት ግን የለም። መጨረሻ ላይ አንድ ጃኬት ታነሳለች። አልጋ ሥር የፈለግኩት ጃኬቴ ነው።

ጃኬቱን አገላብጣ አየችው። የተቀደደውን ኪሱን አወቀችው። ከዚያም ወደ ጨለማው በር ዞራ በቤት ስሜ ጠራችኝ፤ እሷ ብቻ በምትጠራኝ፣ እዚህ ላይ መጻፍ በማልፈልገው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የካፍቴሪያው ገንዘብ ተቀባይ ጭምር በሚጠራኝ ስም። መልስ የለም። ደግማ ጠራችኝ። ድምፅዋ ውስጥ እኔ የማላውቀው፣ ቤት ውስጥ ሰምቼው የማላውቅ ነገር አለ። አሁንም መልስ የለም። ሦስተኛ ልትጠራ አፏን ስትከፍት፣ እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ «አቤት እማዬ!» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጭምቷ ፊልም የተሠራበት ያ ፍርሃት እንደ ፊኛ ተነፈሰ፤ እሷም ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ለዚህ እሷን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ እንደ ልማዷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝና፣ ምንም አይደል አለችኝ። ከፊት ረድፍ ያልሳቀች አንዲት ሴት ግን ነበረች። ወደ ኋላ ዞራ በጨለማው ውስጥ በዓይኗ ትፈልገኝ ነበር።

ቤት ስንገባ ጠየቅኳት። ለእኔ ፈጽሞ ብለሽ ለእሷ ሁሉንም የነገርሻት ለምንድነው አልኳት፤ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ። እናቴ የጃኬቴን ኪስ እየሰፋች ነበር። እሷ የሰው ልጅ ናት፣ ሰምታ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ አንቺ ግን ይዘሽው ነው የምትተኚው፣ መብራት አጥፍተሽ የተኛሽበት ቀን አለ ወይ አለችኝ። አስፈሪ ፊልም ልትሠራ የተነሳች ሴት መብራት አብርታ እንደምትተኛ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መገለጡ ለሙያዬ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቅናቴን ያበረደልኝ ይኸው ነውና ልተወው አልቻልኩም። ሙሉ በሙሉ በረደ ማለቴ አይደለም፤ ያቺ ልጅ ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ትመጣለች ተብሏል።

እንግዲህ ወደ ይቅርታው። ወንበሬን በማንኳኳቴ፣ አብሮኝ የተቀመጠውን ተማሪ እግር በመርገጤ፣ ዳኞቹ ነጥብ የሚይዙበትን ጸጥታ በማደፍረሴ፣ አዳራሹ መሳቁን ባለማቆሙም ጭምር ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተማረ ሰው ፊልም ፊልም መሆኑን ማወቅ ይገባው ነበር።

ፊርማውን ግን መስጠት አልቻልኩም። ሞክሬአለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ፣ እናቴን ከሳሎን በስሜ ጥሪኝ ብያት፣ ከንፈሬን ነክሼ ዝም ለማለት ተለማመድኩ። ጠራችኝ፤ አቤት አልኩ። ያ ፊልም የጃኬቱ ባለቤት ቀርታለች ይላል፤ የጃኬቱ ባለቤት ግን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። በመዝጊያው ቀንም ትቀመጣለች። እናቴ በዚያ ድምፅ ስትጠራኝ፣ በእንግዶች ፊትም ይሁን በሚኒስትር ፊት፣ አቤት እላለሁ። ስለዚህ ካሜራዋን እዚያው ቁም ሣጥኗ ውስጥ ያቆዩልኝ። ለከርሞ እመረቃለሁ፤ የጭምቷ አባትም እስከዚያ ፍሬኑን ይለቁ ይሆናል።

ስለ መመሪያዎ፣ ስለ ማስጠንቀቂያዎ፣ እናቴንም በስንት ዓመቴ እንዳውቃት ስለረዱኝ፣ ምስጋናዬ ካሜራዋ ከተቆለፈችበት ቁም ሣጥን የሰፋ መሆኑን በትሕትና እየገለጽኩ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ያልፈረመችው ተማሪዎ፣
የተኳሿ ልጅ፣ የጃኬቱ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት እርስዎ ከእኔ ፊት ባለው ወንበር ላይ ነበሩ። እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጣራ ጭንዎ ላይ ያለው ስልክ ያለ ድምፅ በራ። ልሰልል ብዬ አይደለም፤ በጨለማ የበራ ነገር ዓይን ይስባል። «እማዬ» ይላል። በአውራ ጣትዎ ዘጉትና ስልኩን ደፉት፤ ማንንም አልረበሹም፤ ማስጠንቀቂያም አልተጻፈብዎትም። ለመሆኑ ከዚያ በኋላ ደውለውላቸዋል?