በእናት መስመር ላይ የወጣ ዱቄት

ሰኞ ሰኔ 9፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ደብተሬ፣ በቆሎው መሀል ቁጭ ብዬ ነው። እንደ ሁልጊዜው የእናት መስመሩን አበባ ጥቁር ፌስታል ላይ መታ መታ፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም። አንዱ ጋ ስደርስ ቢጫ ዱቄት ብትን! የእናት መስመር እኮ፣ ዲቃላው ዘር የሚሰበሰብበት፣ አበባው ዱቄት የለውም። ለዚህ ነው የተዘራው፣ ከአባት መስመር ብቻ እንዲዳቀል። ቆጠርኩ። አምስት አገዳ።

አስካለ ከማዶ ታየኛለች። ይሄን መስመር አብረን ነው የዘራነው። “አንቺ ልጅ፣ ጅብ ያየሽ ትመስያለሽ” ብላ ሳቀች። ለምን ሳቀች?

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ካቦው ጋሽ ወርቁ አየው። ማነው ሌላ ዘር የጨመረ ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ወደየመስመራችን ገባን።

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ሦስቱ የኔ ናቸው። ሦስት ጉድጓድ ሳይበቅል ቀረ። እኛ ቤት ባዶ ጉድጓድ ትቶ መሄድ ነውር ነው፣ የሰነፍ እርሻ ይባላል። እማዬ ከገጠር የላከችልኝ ዘር ነበረኝ፣ አንዳንድ ፍሬ ጣል አደረግኩ። በቆሎ በቆሎ ነው ብዬ። ምን አውቄ!

ግን ሦስት ነው። አምስት አይደለም። ሁለቱን ማን ዘራ? አስካለ ናት። እሷው ናት።

ረቡዕ ሰኔ 11

ዶ/ር መጣች፣ የዘሩ ባለሙያ። የአምስቱን አበባ በወረቀት ከረጢት አሰረች። ቅጠል ቆርጣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከተተች። አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል።

ቅጠሉ ለምንድነው ብዬ ጠየቅኳት፣ አፌን ምን ነካው። ቅጠሉ ውስጥ ጉልበት የሚሰጡ ሚጢጢ ነገሮች አሉ አለች፣ ሚቶኮንድሪያ። እነሱ ውስጥ ደግሞ ከዋናው የዘር ውርስ ተነጥለው ለብቻቸው የሚኖሩ ቁራጮች አሉ፣ ፕላዝሚድ። አበባው ከዱቄት ባዶ የሚሆነው ከነሱ ጋር ተያይዞ ነው። ከእናት ብቻ ነው የሚወረሱት፣ የአባት ዱቄት አያመጣቸውም። አንዳንዴ ግን ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ከዋናው ጋር ይቀላቀላሉ፣ አበባውም ዱቄት ያወጣል። ይሄ ከሆነማ ብርቅ ነው ብላ ደስ አላት፣ እንደ ልጅ። ከውጭ የገባ ዘር ካለ ግን ቅጠሉ ይናገራል አለች።

ይናገራል ስትል እኔን አየች? አይታኛለች።

ዓርብ ሰኔ 13

አስካለና ጋሽ ወርቁ ከመጋዘኑ ጀርባ ያወራሉ። ስደርስ ተለያዩ። ስለኔ ነው። ስዘራ አይታኝ ይሆን?

ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ቋጠሮዋን ፈታሁ። ዘር ፍለጋ። የተቀቀለ ጎደሬ ብቻ። መልሼ አሰርኩት፣ አፈርኩ። ስትመለስ ግማሹን ጎደሬ ሰጠችኝ። ሳልበላው ኪሴ ከተትኩት።

ይሄ ሥራ ከቀረ ማታ ትምህርት የለም። ገና አምስተኛ ክፍል መድረሴ ነው። ካቦው ስሜን ካጠፋው ሚዛን ከተማም ሆነ አማን ማን ይቀጥረኛል?

ሰኞ ሰኔ 16

ጋሽ ወርቁ አስካለን አባረራት። እኔን አይደለም፣ እሷን! “ዶክተሯ ቅጠል ታንብብ፣ እኔ ፊት አነባለሁ” አላት ሰው ሁሉ ፊት። ለካ ያን ቀን ከመጋዘኑ ጀርባ እየመረመራት ነበር። ልጄን ይንሳኝ ጋሼ፣ አንዲት ፍሬ አልጨመርኩም ብላ ማለች። አንድ ልጅ ነው ያላት። በሱ በሐሰት አትምልም፣ አውቃታለሁ።

እና ሁለቱን ማን ዘራ?

ማንም። ራሳቸው ናቸው። ዶ/ር ያለችው ነው! ራሱ ተቀላቅሎ።

ጋሽ ወርቁ ነገ ጠዋት አምስቱንም ንቀሉ አለ፣ ማሳው ይበላሻል ብሎ። ዶ/ር ፍሬ እስኪይዙ ተዋቸው ብላ ለመነችው። የትኛው ከውጭ እንደገባ ንገሪኝና እሱን ብቻ ልንቀል አላት። ከየት ታውቃለች፣ የቅጠሉ ውጤት ገና ነው። ፍሬ ሳይዙ ሊነቀሉ ነው። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ ሰኔ 17፣ ጠዋት 12 ተኩል

ባጃጅ አልጠበቅኩም፣ ከአማን በእግሬ ነው የመጣሁት። የእርሻው በር ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ዶ/ር ገና አልገባችም። እናገራለሁ። ሦስቱን በጣቴ አሳያለሁ፣ የእናቴ ዘር ነው እላለሁ። ሁለቱን አትንኩ። አስካለንም መልሷት። ከዚያ ያባሩኝ።

ወይኔ፣ ጋሽ ወርቁ ማጭድ ይዞ ወደ መስመሩ ገባ። ዶ/ርን አልጠብቅም፣ ለሱ ነው የምነግረው፣ አሁን