አሥራ ሁለተኛዋ ዛጎል

ተካዬ፣

ካጣሁህ ስምንት ወር ሆነኝ። በረዶው ሄዶ የሴንት ፖል ሰው ሁሉ ጃኬቱን ጥሏል፤ እኔ ጥቁሬን አልጣልኩም። ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ረጅሙ የጎማ ሱሪህ ከጓሮው በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ እዚያ ስደርስ ሰው የቆመ እየመሰለኝ አሁንም እደነግጣለሁ። ሜሮናችን በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እሱም እንደ ተውከው ነው።

የዚህ ገጽ አንባቢዎቼ ያውቁኛል። ማን ከማን ጋር እንደታረቀ፣ የማን ሚዜ ሠርጉ ላይ እንደዘገየ ስጽፍላቸው ኖሬአለሁ። የሰው ጉድ ይበቃል። ዛሬ የራሴን ለአንተ እጽፋለሁ፣ እነሱም አብረው ይስሙ።

አምና ሰመር የምትነዳውን የኤርፖርት ሻትል አውቶቡስ ትተህ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ወንዝ ላይ ሥራ ስትይዝ፣ በዚሁ ገጽ ላይ "ተመራማሪው ባለቤቴ" ብዬ ጽፌ ነበር። እትዬ አልጋነሽ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይዘውኝ "ጋሽ ተካ አሁን ምን ላይ ነው?" ሲሉኝም "የውሃ ጥናት ላይ ነው" አልኳቸው። አንተ አጠገቤ ቆመህ ጫማህን ታያለህ።

ሥራህ ይህ ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ ቡጢ የሚያካክሉ፣ ሲያዩዋቸው ድንጋይ የሚመስሉ፣ ሁለት ክዳን ያላቸው ዛጎሎች አሉ። የወንዙ የጥንት ነዋሪዎች ናቸው፤ ክዳናቸውን ገርበብ አድርገው ከውሃው ምግባቸውን እያጣሩ ይኖራሉ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን በመርከብ ባሕር ተሻግረው የመጡ፣ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ያላቸው፣ ጥፍር የሚያህሉ ትንንሽ ዛጎሎች ወንዙን ወረሩት። እየተደራረቡ የነባሮቹ ጀርባ ላይ ይጣበቃሉ። ምግባቸውን ይሻሟቸዋል፤ ነባሮቹ ክዳናቸውን መክፈትም መዝጋትም ያቅታቸዋል። ነባሩ በገዛ ቤቱ ታፍኖ ይሞታል። አንተ ጠላቂዎቹ የሚያወጡልህን እየተቀበልክ በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ታጸዳቸው ነበር። "አለቃዬ 'ባሕር ተሻግረው መጥተው ሰፈሩብን' ስትል እኔ አንገቴን ደፍቼ ብሩሼን አጠብቃለሁ" ብለህ ያሳቅኸኝን አልረሳም።

ሳቅኩ፣ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ በእኛ ቤት ስሙ እንኳ በማዕድ የማይነሳ ፍጥረት ያጥባል ተብሎ እንዴት ይወራል? ፎጣህን ለየሁ። ብሩሽህ መታጠቢያ ቤት እንዳይገባ ከለከልኩ። ቤዝመንት ልብስህን ሳትቀይር ወደ ላይ አታሳልፍህም ነበር ሚስትህ። በእነዚያ እጆችህ ፊቴን ልትነካኝ ስትል ምን እንዳልኩህ እዚህ አልጽፈውም፤ አንተ ታውቀዋለህ።

መስከረም ላይ የታጠቡት የሚቆዩበት የመሥሪያ ቤቱ ገንዳ ቢሰነጠቅ፣ ዛጎሎቹ ለየሠራተኛው ተከፋፍለው አሥራ ሁለቱ ለአንተ ደረሱ። በትልቅ ባልዲ ቤዝመንት አስቀመጥካቸው። ጀልባ ወደማይደርስበት ንጹሕ ወንዝ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ወር ተለይተው መቀመጥ ነበረባቸው። ሩዝ የምታህል ባለ መስመር እንኳ ከተገኘች ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አንዲቷን "አሮጊቷ" ትላት ነበር፤ ክዳኗ ላይ ያለው ቀለበት ሲቆጠር በዕድሜ ከሁለታችንም ትበልጥ ነበር። ያዣት ብለህ ስትሰጠኝ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። "አትፍሪያት። ብታስገድጃት ትሰበራለች። ዝም ካልሻት ራሷ ትከፍታለች" አልከኝ።

በአራተኛው ቀን ልብህ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገርህ። ቤታችን ሞላ። ፍራሽ ተነጠፈ፣ እትዬ አልጋነሽ የሳሎኑን ሶፋ ይዘው ተቀመጡ፣ አርባህ እስኪወጣ እኔን ብቻዬን መተው ነውር ሆነ። ፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሽንት ቤት ስገባ ሁለት ሴቶች በር ላይ ይቆማሉ። "ብይ" ይሉኛል፣ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይሉኛል፤ ትንሽ ተረጋጋሁ ስል ደግሞ የአክስትህ ልጅ ከዳላስ ዘግይታ ሰምታ ደረሰች። ከበሩ "ወንድሜን!" ስትል ቤቱ ሁሉ ተነሣ፤ ለቅሶው እንደገና ከአንድ ጀመረ። እኔ አፌ ተዘግቶ ቀረ። ሜሮን ብቻ በየቀኑ ቤዝመንት እየወረደች የባልዲውን ውሃ ትቀይር ነበር።

ባረፍክ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አለቃህ ደወለች። ወንዙ ሊቀዘቅዝ ነው፤ ዛሬ ካልገቡ አሸዋው ውስጥ መቀበር ያቅታቸዋል፣ ባልዲ ውስጥም ምግብ አጥተው ያልቃሉ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ "ወንዝ መሄድ አለብኝ" አልኩ። ሴቶቹ ተያዩ። "ለተካ ስል ነው" ብዬ ጨመርኩ። የባሰ ነገር! እትዬ አልጋነሽ የመኪናዬን ቁልፍ ከግድግዳው አንሥተው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። "ልጅ አለሽ አይደለም እንዴ! ባልሽን ተከትለሽ ውሃ ልትገቢ ነው?" ሁለት ሴቶች ክንዴን ያዙ፣ ሦስተኛዋ ቀሚሴን። ማልኩላቸው፣ አላመኑኝም። ያለ ምክንያት ወንዝ የሚሄድ ሐዘንተኛ የለም። ምክንያቱን ደግሞ እኔ ደብቄዋለሁ።

ሜሮን ደረጃው ላይ ቆማ ታለቅሳለች። "ማሚ፣ ጀስት ቴል ዘም!" አለችኝ። "ዳዲ አላፈረም እኮ! አንቺ ነሽ።"

ተናገርኩ። ተመራማሪ አልነበረም፣ በጥርስ ብሩሽ ዛጎል ያጥብ ነበር፣ አሥራ ሁለቱ ከእግራችን በታች ናቸው፣ ዛሬ ካልሄዱ ይሞታሉ አልኩ።

እትዬ አልጋነሽ ቁልፉን ከደረታቸው አወጡ። "እና ለዚህ ነው ወር ሙሉ ታፍነሽ የከረምሽው? እኔስ? አስመራ ያሉት እህቶቼ ኤርፖርት ቢሮ ያለኝ ነው የሚመስላቸው። ሽንት ቤት ነው የማጸዳው። ነይ፣ ባልዲውን አብረን እናንሣ።"

ሰባት ጥቁር ለባሽ በአንድ ሚኒቫን ሄድን። ባልዲው ጭኔ ላይ ነበር። አለቃህ ወንዙ ዳር አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አየቻቸው። አሥራ አንዱ ንጹሕ ሆኑ። የጎማ ሱሪህን ለብሼ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ እትዬ አልጋነሽ አሁንም አላመኑኝም መሰለኝ ነጠላዬን ከኋላ አልለቀቁም። አለቃህ እንዳሳየችኝ አሸዋው ላይ አቆምኳቸው፣ በገዛ እጄ። አሮጊቷ ግን ከክዳኗ መጋጠሚያ ሥር ሩዝ የምታህል ባለ መስመር ተገኘችባት። ቆጠራዋ ከአንድ ጀመረ። ዊንተሩን በተጠገነው ገንዳ እንድትከርም ተወሰነ።

አልሰጥም ብዬ ቆየሁ። ብሩሽህን ከሱሪህ ኪስ አወጣሁና አንተ እንዳልከኝ፣ ሳላስገድድ፣ እያባበልኩ ያቺን ባለ መስመር አስለቀቅኳት። ከዚያ አሮጊቷን መዳፌ ላይ ከውሃ ጋር ይዤ ጠበቅኩ። ክንዴን የያዘ አልነበረም። ብዙ ቆይታ በክር ስፋት ከፈተች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩልህ።

ተካዬ፣ እሷም እኔም ዊንተሩን ተዘግተን ከረምን። እኔ ዓመትህ እስኪደርስ ጥቁሬን እለብሳለሁ፤ አሁንም ገበያ ስወጣ የሚከተለኝ አይጠፋም። እሷ ግን ንጹሕ ናት ብለው ትናንት ደወሉልኝ፤ ነገ እንወስዳታለን። እትዬ አልጋነሽ ጓንት ይሰጡናል ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል።

ብሩሽህን አጥቤ መታጠቢያ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ ከእኔ ብሩሽ ጋር በአንድ ብርጭቆ ቆሟል። እጆችህን በየጠዋቱ አስታውሳቸዋለሁ። ከእንግዲህም ሰው ሥራህ ምን እንደነበር ሲጠይቀኝ ጫማዬን አላይም። ባሌ ዛጎል ያጥብ ነበር እላለሁ።