በጀርባዎ ላይ የነበረው አዞ

ውድ አባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በስልክ ግን እርስዎ "እሺ፣ ደህና ሁኑ" ብለው ቶሎ ይዘጉብኛል፤ እኔም የልቤን ሳልጨርስ እቀራለሁ። ወረቀት ቢያንስ አይዘጋም።

መጀመሪያ ከልጅዎ ጋር ቤታችሁ የመጣሁበትን ቀን ያስታውሱታል? እኔ አልረሳውም። ደረቱ ላይ ጊታር የሚመታ ጉማሬ ያለበት ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሼ ነበር። እርስዎ ከስፌት መኪናዎ ቀና አሉና መነጽርዎን ወደ አፍንጫዎ ጫፍ አውርደው ጉማሬውን ከላይ እስከ ታች አዩት። እኔን አላዩኝም። "ከነቴራ የውስጥ ልብስ ነው" አሉና ወደ ሥራዎ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ጋዜጣው" ሆኖ ቀረ። በመጣሁ ቁጥር "ዛሬስ ጋዜጣው ምን ይዞ ወጣ?" ይሉኛል፤ እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሳቃቸውን እያፈኑ ይቆጡዎታል።

እኔም ተቀይሜ አልተውኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል ያለበት ቲሸርት ካየሁ እግሬ አልራመድም ይላል። መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ስጀምር ደግሞ አመሌ ጠቀመኝ። ልጆቹ ጠዋት በር ላይ ሰላም የሚሉት ደረቴን ነው፤ "ደህና አደርክ ቀጭኔ!" ይሉኛል። እናቷን አልለቅም ብላ የምታለቅስ ልጅ እንኳ ቀጭኔው ቁርሱን በልቶ እንደሆን ልትጠይቀኝ ቀስ ብላ ትጠጋለች።

እማማ ካረፉ በኋላ ግን ጋዜጣውን የሚጠይቀው ጠፋ። የስፌት ሱቅዎን ዘጉ። ልጅዎ በደወለች ቁጥር "ደህና ነኝ" ይሏታል፤ ጎረቤትዎ ግን ከቤት እንደማይወጡ ነግራታለች። አንድ ቀን ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። "አባዬ እያለቀብኝ ነው" አለችኝ። እኛ ጋ ጥቂት እንዲሰነብቱ በስንት ልመና እሺ እንዳሉን እርስዎም ያውቁታል።

እንደመጡም ጉድ ፈላ። ዝናቡ ደብድቦዎት ሱፍዎ ውሃ ያንጠባጥባል። ሻንጣውን ስንከፍት ደግሞ የሕፃን ቀሚሶችና ባለ ታኮ ጫማ! ለካ መናኸሪያው ላይ ተቀያይሯል። ልጅዎ ሥራ ላይ ነች፤ ልጃችንም ጎረቤት ሄዳለች፤ እኔና እርስዎ ተፋጠን ቀረን። ያሉኝ ሁለት ሸሚዞች ደረትዎ ላይ አልቆለፍ አሉ።

"ምንም ያልተሳለበት የለህም?" ብለው ቁም ሳጥኔን ራስዎ በረበሩና ጥቁሩን ቲሸርት አወጡ። ፊቱ ንጹሕ ነው። "ይኸው፣ እንደ ሰው ልብስ" ብለው ለበሱት። ጀርባውን አላዩትም። ጀርባው ላይ ጥርሱን የሚቦርሽ፣ አረፋው እስከ ወገብ የሚወርድ ትልቅ አረንጓዴ አዞ አለ። ልነግርዎት አፌን ስከፍት እርስዎ በሩን ከፍተው "ና እንጂ፣ ዝናቡ ሳይመለስ ሻንጣዬን እናምጣ" አሉኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

መንገዱን ሁሉ ከኋላችን የሚመጣው ሰው ይስቃል። "ምን ነክቶት ነው ሰዉ ዛሬ ጥርስ በጥርስ የሆነው?" አሉኝ። "እኔንጃ አባባ፣ አየሩ ይሆናል" አልኩ። መናኸሪያው ደርሰን ሰልፍ እንደያዝን ከኋላችን የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ ጮኸች።

"እማዬ! አዞው ጥርሱን እየቦረሸ ነው!"

ዞር አሉ። "የቱ አዞ?"

"ያንተ!"

ቀስ ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ጀርባዬ ላይ ምን አለ?"

"አዞ።"

"እየቦረሸ?"

"አዎ አባባ።"

እኔ ዛሬ ተሳፍረው ይመለሳሉ ብዬ ልቤ ተሰቅላለች። እርስዎ ግን ጉልበትዎን ይዘው ጎንበስ አሉና ልጅቷን "አንቺስ ዛሬ ቦርሸሻል?" አሏት። አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ሸፈነች። ያኔ ነው የሳቁት፤ ትከሻዎ እየተንቀጠቀጠ፣ ዕንባዎን በመዳፍዎ እየጠረጉ። ለካ ሻንጣዎን ልትመልስ የመጣችው የልጅቷ እናት ኖራለች፤ እዚያው ተለዋወጥን።

እንግዲህ የራስዎ ሸሚዝ ተገኝቷል። በማግስቱ ጠዋት ግን ለቁርስ ሲወጡ አዞው አብሮ ወጣ። "ሸሚዜ አልተተኮሰም" አሉን። ዕድሜ ልክዎን ካውያ በእጅዎ የኖሩ ሰው! ልጅዎ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ እኔም ዳቦዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው በስልክ መናገር የሚያቅተኝ። አንድ ከሰዓት "እስቲ እነዚያን ጋዜጦችህን አምጣቸው" አሉኝ። አልጋው ላይ ዘረገፍኳቸው። መርፌና ክር ይዘው ተቀምጠው አንድ በአንድ እያነሡ ይጠይቁኛል፤ እየጠየቁም ይሰፋሉ። የደበዘዘው ፀሐይ፣ እናቴ ከአምስተኛ ክፍል ሳልፍ የገዛችልኝ ነው፤ አሁን አንገቴ እንኳ አይገባበትም። ባለ ጉጉቱ፣ ልጃችን በተወለደች በሳምንቷ ያስመለሰችበት ነው፤ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቅ ብሏል። አረንጓዴው ብብቱ ሥር ተቀዷል።

"ይሄስ?"

"የልጅዎ ሻርፕ በነፋስ ተወስዶ አጥር ውስጥ ገባ። ሳንተዋወቅ ነው። ላመጣላት ስዘል ሽቦው ያዘኝ።"

መርፌውን አነሡ፣ አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። "ይሄን አልሰፋውም" አሉ። "ይሄ ይቆይ።"

ከዚያ ዓይንዎን ከጨርቁ ሳያነሡ "የሚስቴን ቀሚሶች ከተሰቀሉበት አላወረድኳቸውም። ሁሉንም የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ግን ልጠጋቸው ፈራሁ" አሉኝ። እኔም "እስቲ ስለ አንዱ ይንገሩኝ" አልኩ። እርስዎም ስለ ሰማያዊው ነገሩኝ፤ እማማ ኪሱ ይጎድለዋል እያሉ ሦስቴ ያስፈቱትን። ከዚያ ስለ ቡኒው። ከዚያ ስለ ነጠብጣቡ። ልጅዎ ከሥራ ስትመለስ ሳቅዎን ከበር ሰምታ፣ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ያን ቀንም አለቀሰች፤ የዚያን ቀኑ ለቅሶ ግን ሌላ ነው።

ስንሸኝዎት አውቶቡሱ ሥር ቆመን፣ እርስዎ እጅዎን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ሊሰናበቱኝ መስሎኝ ነበር። በጣትዎ ከአንገቴ እስከ ትከሻዬ ጫፍ ሄዱና "የግራው ዝቅ ይላል" አሉኝ። "በሠርግህ ቀንም አይቼዋለሁ። የሱቅ ኮት አይሆንህም፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።" ይህንኑ ብለው ወጡ። እኔም ለሠርጌ የተከራየሁትን ያንን ተንሻፎ የዋለ ሱፍ ከአፍረት ጋር ስንት ዘመን ተሸክሜው እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ትናንት ጎረቤትዎ ደውላ ሱቁን እንደከፈቱ፣ የስፌት መኪናውም ከጠዋት ጀምሮ ሲንጫጫ እንደሚውል ነገረችን። እርስዎ አልነገሩንም፤ ይሁን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁላችንም እንመጣለን። ሱፍ እንዲሰፉልኝ እፈልጋለሁ፤ የመጀመሪያዬን። ጨርቁንም ቀለሙንም እርስዎ ይምረጡ፤ አንድ ቃል አልናገርም።

ከሥሩ ምን እንደምለብስ ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።

የሚወድዎ ልጅዎ